የሻፍሮይተር መስቀል፦ በመጥረቢያ የተጎዳ የእንጨት መስቀልና የአልፕስ ሕዝብ ልማድ

በኦገስት 2016 መጨረሻ ላይ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ድንበር ወደቆመው ሻፍሮይተር ተራራ የወጡ መንገደኞች ከጫፉ ሲደርሱ፣ በዚያ የነበረውን የእንጨት መስቀል ግንዱ በመጥረቢያ ተከትክቶ አገኙት። መስቀሉ ገና አልወደቀም ነበር። ይሁን እንጂ ቁርጡ ጥልቅ ስለነበረ ነፋስ ገፍቶ በሰው ላይ እንዳይጥለው ተሰግቶ፣ ሲንከባከበው የኖረው የጀርመን አልፕስ ማኅበር የተባለው የተራራ ወጪዎች ማኅበር የቶልትስ ቅርንጫፍ ቀሪውን ራሱ ቆርጦ ሊያወርደው ተገደደ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የመጀመሪያ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሰካራም ወይም የአንድ ብስጩ ሰው ሥራ ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። ግን በዚያው ዓመት በጰራቅሊጦስ በዓል ሰሞን፣ በደቡብ ጀርመኑ ክልል በባቫሪያ፣ ሌንግሪስ ከምትባለው መንደር በላይ ባለው የዱድል-አልም የግጦሽ ስፍራ የቆመ መስቀል ተቆርጦ ነበር፤ በጁላይ ደግሞ ከሻፍሮይተር ብዙም በማይርቀው ፕሪንትስኮፕፍ ላይ የነበረው ተከተለ። ሦስቱም በአንድ አካባቢ፣ በአንድ በጋ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ የተጎዱ በመሆናቸው የባድ ቶልትስ ፖሊስ ምርመራ ከፍቶ ሕዝቡ ያየውን እንዲጠቁም ጠየቀ። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዳገት ወጥቶ፣ መጥረቢያ ተሸክሞ፣ ወፍራም ግንድ ለመከትከት ጉልበት የሚያጠፋ ሰው ምን እንደሚፈልግ ማንም በእርግጥ ሊናገር አልቻለም፤ ባይታወቅም ግን ብዙ ተባለ።

ብዙ የተባለበትን ምክንያት ለመረዳት ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2015 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ጀርመን ሲገቡ አብዛኞቹ ያለፉት በባቫሪያ በኩል ነበር። በጁላይ 2016 ደግሞ በቩርትስቡርግ አጠገብ በባቡር ውስጥ፣ ከቀናት በኋላም በአንስባኽ ከተማ ጥቃት ደርሶ አገሩ ተደናግጦ ነበር። በባቫሪያ የመስቀል ጉዳይ ከዚያ በፊትም በቀላሉ የሚነካ ሆኖ አያውቅም፤ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1995 በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ መስቀል እንዲሰቀል የሚያስገድደውን የባቫሪያ ደንብ ሲሽር የተነሳው ቁጣ ገና አልተረሳም። ስለዚህ በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ የተጎዳ እንጨት በጥቂት ቀናት ውስጥ የሃይማኖት፣ የስደትና የማንነት ክርክር ማንጠልጠያ ሆነ። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው ክርክሩ ዘልሎት ባለፈው ነገር ላይ ነው፤ በአልፕስ የእንጨት መስቀል ለምን ይቆማል፣ ማን ያቆመዋል፣ ሲበሰብስስ ማን ይተካዋል?

ከጫፉ በታች ያሉት መስቀሎች

ስለ አልፕስ መስቀል ሲነገር ወደ ሰው ልብ ቀድሞ የሚመጣው በተራራ ራስ ላይ፣ ከሰማይ ጋር የሚታየው መስቀል ነው። በሕዝቡ ሃይማኖታዊ ልማድ ውስጥ ግን ይህ ከሁሉም የዘገየው ነው። የቀደሙት ዝቅ ብለው፣ በእርሻ ዳር፣ በመንገድ መታጠፊያ፣ በከብት ማሰማሪያና በተራራ መተላለፊያ በር ላይ የቆሙት ናቸው፤ እነሱም እያንዳንዳቸው የተለየ ሥራ ነበራቸው።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በኦስትሪያው ክልል በቲሮልና በባቫሪያ የሚገኘው የወጀብ መስቀል ነው። ይህ መስቀል ብዙውን ጊዜ አንድ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚ እንጨቶች አሉት፤ ከሩቅ ያየው ሰው ከተራው የመንገድ ዳር መስቀል በዚህ ይለየዋል። የሚቆመውም ነጎድጓድ በሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከእርሻው ከፍ ብሎ፣ ወጀቡ ሸለቆውን ከሚሻገርበት ቦታ ላይ ነበር። ለአልፕስ ገበሬ በበጋ አጋማሽ የሚወርድ የበረዶ ጠጠር ከጦር የማይተናነስ ጠላት ነው፤ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ውርጅብኝ የዓመቱን አጃና ገብስ መሬት ላይ ሊያስተኛው ይችላል፤ መብረቁም በግጦሽ ላይ ያሉትን ላሞች ከነእረኛቸው ይገድላል። መስቀሉ እንግዲህ የሚቆመው በዚህ ሁሉ ፊት እንደ ዘበኛ ነው።

መስቀሉ ብቻውን ግን አይሠራም፤ የአንድ ትልቅ ሥርዓት ክፍል ነው። በካቶሊክ አጥቢያዎች ከፀደይ ጀምሮ፣ በቅዱስ ማርቆስ ቀን ኤፕሪል 25 ወይም በመስቀሉ መገኘት በዓል ሜይ 3፣ እስከ ሴፕቴምበር 14 የመስቀል ክብር በዓል ድረስ፣ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ የአየር ቡራኬ ይሰጣል፤ አዝመራው ከመብረቅ፣ ከበረዶና ከክፉ ወጀብ እንዲጠበቅ ይጸልያል። በዚያን ጊዜ የሚይዘው መስቀል በብዙ ቦታ የመስቀሉን ቅንጣት የያዘ ነው ተብሎ የሚታመን ነበር። ሴፕቴምበር 14 በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ሲሰላ ልክ በእኛ መስከረም 17 ላይ ይውላል፤ የቲሮል ገበሬ የወጀብ ወራት አበቃ ብሎ የሚያመሰግንበት በዓልና የእኛ መስቀል ከአንድ የኢየሩሳሌም በዓል የተቀዱ ናቸውና።

ቤት ውስጥም የራሱ ዝግጅት ነበረ። በሆሳዕና ዕለት የተባረከው ቀንበጥ ዓመቱን ሙሉ ከመስቀሉ ኋላ ተሰክቶ ይቆይና፣ ሰማዩ ሲጠቁር ከእሱ ጥቂት ተቀንጥሶ ምድጃ ውስጥ ይጣላል፤ ጭሱ ወጀቡን ይመልሳል ተብሎ ይታመናል። በፋሲካ ሌሊት ከሚነደው የተባረከ እሳት የተረፈ ጠርዙ የከሰለ እንጨት ወደ ቤት ይወሰድና ትንንሽ መስቀሎች ተሠርተውበት በእርሻው ማዕዘኖች ይተከላሉ። የቤተ ክርስቲያን ደወልም በነጎድጓድ ጊዜ ይደወል ነበር። ይህ የመጨረሻው ልማድ ብዙ ደዋዮችን ለመብረቅ አጋልጦ ስለነበር ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በ1783 ከለከለው፤ ሕዝቡ ግን ክልከላውን በቀላሉ አልተቀበለም። ደወሉን በአዋጅ ዝም ማሰኘት ይቻል ይሆናል፤ በገበሬው እርሻ ዳር የቆመውን እንጨት መንቀል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በባቫሪያና በኦስትሪያ ማርተርል የሚባለው ነው። ሰው በድንገት በሞተበት ቦታ ላይ የሚቆም ትንሽ መስቀል ወይም ምሰሶ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የተሳለ ሰሌዳ ይቸነከርበታል። ሰሌዳው ነገሩን በግልጥ ያሳያል፦ ዛፍ ሲቆርጥ ግንድ የወደቀበት ሰው፣ የተገለበጠ ጋሪ፣ የበረዶ ናዳ የዋጠው መንገደኛ፤ ከላይ እመቤታችን ወይም የሥላሴ ሥዕል፣ ከታች ስምና ቀን፣ ቀጥሎም አላፊ አግዳሚው ለሟቹ ነፍስ አንድ አባታችን ሆይ እንዲደግም የሚለምን ጽሑፍ። የዚህ መስቀል ሥራ ለሞተው ሰው ጸሎት መሰብሰብ ነው። ያለ ኑዛዜና ያለ ቁርባን በድንገት የሞተ ሰው ነፍስ የሕያዋን እርዳታ ያስፈልጋታል የሚለው የካቶሊክ ትምህርት ከሌለ ማርተርል ትርጉም የለውም። ዛሬ በፖስታ ካርድ ላይ የሚታዩትን አስቂኝ ግጥሞች አንባቢ በጥርጣሬ ቢያያቸው መልካም ነው፤ ብዙዎቹ ለጎብኚ መዝናኛ የተጻፉ ናቸው።

ሦስተኛው በከፍታ ግጦሽ ላይ የሚቆመው የእረኞች መስቀል ነው። በማዕከላዊ ስዊዘርላንድ ካንቶን በሚባሉት የካቶሊክ ክልሎች፣ በዑሪ፣ በሽቪትስ፣ በኦብቫልደንና በኒድቫልደን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እረኛው ወደ መስቀሉ ወይም ወደ አንድ ከፍታ ይወጣና፣ ወተት የሚያጠልበትን የእንጨት ዕቃ እንደ ድምፅ ማጉያ አፉ ላይ ደግኖ የማታውን ጸሎት በረጅሙ ይጣራል። የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም እየጠራ ከብቱን፣ ጎጆውንና ሰዎቹን አደራ ይላል። ድምፁ እስከሚደርስበት ድረስ ያለው ምድር በዚያ ሌሊት ከጉዳት የተጠበቀ ነው ተብሎ ይታመናል። በዱድል-አልም የተቆረጠው መስቀል በጠባዩ ለዚህ ወገን የሚቀርብ ነበር፤ ቆሞ የነበረው ከብት በሚሰማራበት፣ ሰዎች በጋውን በሚኖሩበት ስፍራ ነው። የጋዜጦቹ ወሬ ግን ከሻፍሮይተሩ ጋር አንድ ላይ አድርጎ «የጫፍ መስቀል» አለው፤ በዚህም ሁለት የተለያየ ታሪክ ያላቸው ነገሮች ተቀላቀሉ።

መስቀሉ ወደ ጫፍ የወጣበት መንገድ

ለአሮጌው የአልፕስ ገበሬ የተራራ ጫፍ የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም። ሣሩ ከታች ነው፤ ከላይ ያለው ድንጋይ፣ በረዶና የሙታን ነፍሳት የሚንከራተቱበት ስፍራ ነው። ወደ ጫፍ መውጣትን የጀመሩት ሌሎች ናቸው። በ1492 የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ያዘዘው አንቷን ደ ቪል በግሬኖብል አጠገብ ያለውን ቀጥ ያለ ገደል፣ ሞን ኤጉዊይን፣ በመሰላል ወጥቶ በላዩ ሦስት መስቀል አቆመ። በ1799 እና በ1800 የጉርክ ልዑል ጳጳስ ሳልም ያዘመቷቸው ሰዎች በኦስትሪያ ከፍተኛ በሆነው ግሮስግሎክነር ላይ ሲወጡ መስቀል ተክለዋል፤ ከጉዞው ዓላማዎች አንዱ ግን ከፍታ መለካትና ተፈጥሮን መመርመር ነበር። በጀርመን ከፍተኛው ተራራ በጹግሽፒትሰ ላይ በ1851 የቆመው ባለ ወርቅ ቅብ የብረት መስቀል የአንድ ካህን ሐሳብ ሲሆን፣ ያ ካህን በሆኸንፓይሰንበርግ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ተመልካች ነበር። ሙቀትና የአየር ግፊት የሚመዘግብ ካህን የአገሩ ትልቁ ተራራ ራሱ ራቁቱን መቆሙ ሲቆጨው፣ የሁለት ዘመን መንፈስ በአንድ ሰው ውስጥ ይታያል። በ1880 በግሮስግሎክነር የቆመው የብረት መስቀል ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ ፍራንዝ ዮሴፍና ለንግሥቲቱ ኤልሳቤጥ የብር ኢዮቤልዩ ጋብቻ መታሰቢያ ነው።

እነዚህ ትልልቆቹ ናቸው። ሕዝቡ በእጁ በሠራው የእንጨት መስቀል ተራራዎቹን የሞላቸው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ነው። ከግንባር በሕይወት የተመለሱ የመንደር ወጣቶች ስለ መትረፋቸው ምስጋና፣ ላልተመለሱት ጓደኞቻቸው ደግሞ መታሰቢያ አድርገው ግንድ እየተሸከሙ ከመንደራቸው በላይ ወዳለው ጫፍ ወጡ። በዚህ ጊዜ የጫፉ መስቀል የማርተርልን ሥራ ወሰደ ማለት ይቻላል፤ ሙታኑ የወደቁት በሩሲያ ሜዳ ወይም በኢጣሊያ ግንባር ነውና ጸሎቱ የሚሰበሰበው ከቤታቸው በላይ ባለው ከፍታ ሆነ። በዚሁ ዘመን የተራራ ማኅበራት፣ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞችና የአጥቢያ ወጣቶች ማኅበራትም በየጫፉ አቆሙ። ከመስቀሉ ሥር በብረት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው መዝገብ፣ የወጣ ሁሉ ስሙንና ቀኑን የሚጽፍበት፣ የተራራ መውጣት ልማድ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ ሰው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ለምዷቸዋል።

ሻፍሮይተር የዚህ የኋለኛው ታሪክ ልጅ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በካርቬንደል የተራራ ሰንሰለት ሰሜናዊ ክፍል ይቆማል፤ የባቫሪያና የቲሮል ድንበር በራሱ ላይ ያልፋል። ከጫፉ ዝቅ ብሎ በቲሮል በኩል በ1,835 ሜትር ከፍታ የቶልትስ ቅርንጫፍ ማረፊያ ቤት አለ፤ ከሪስ ሸለቆ ተነስቶ ጫፉን የሚፈልግ ሰው ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። መንገዱን የሚጠግነው፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ መስቀሉንም የሚጠብቀው ያው ቅርንጫፍ ነው፤ ይህ የኋለኛው ነጥብ ለጉዳዩ ቁልፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንጨቱና ተሸካሚዎቹ

በተራራ ላይ የእንጨት መስቀል አንዴ ተተክሎ የሚተው ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ላርች የተባለው፣ በመጸው ቅጠሉን የሚያራግፍ ጥድ መሰል ዛፍ ነው፤ ውስጡ ቀይና ሙጫ የበዛበት ስለሆነ ቀለም ሳይቀባ ዝናብና ፀሐይ ይችላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ላዩ እንደ ብር ይሸብታል። እንዲህም ሆኖ ለዘለዓለም አይቆይም። መበስበስ የሚጀምረው ውኃ በሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች ነው፦ አግዳሚው በቋሚው ላይ ተቦርቡሮ በሚገባበት መጋጠሚያ፣ እና ግንዱ ከመሬት በሚገናኝበት እግር። ስለዚህ የሚያውቅ አናጢ ግንዱን አፈር ውስጥ አይቀብረውም፤ በዓለቱ ላይ በተተከለ የብረት እግር ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርጎ በብሎን ያስረዋል፤ የእንጨቱን ራሶችም በቆርቆሮ ይሸፍናል። ክረምት ሲመጣ ነፋሱ የሚያመጣው ጉም በእንጨቱ ላይ እየቀዘቀዘ ነፋስ በሚመታው በኩል እንደ ላባ ተደራርቦ ያድግና ከባድ ሸክም ይሆንበታል፤ ብዙ መስቀሎች በሽቦ የሚወጠሩትም ለዚህ ነው። መብረቅ ደግሞ እርጥብ ግንድ ሲያገኝ በውስጡ ያለውን ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ለውጦ እንጨቱን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቀዋል። መንደሩን ከመብረቅ ይጠብቃል የተባለው መስቀል ራሱ የመብረቅ መሳቢያ ዘንግ የሚታሰርለት በዚህ ምክንያት ነው፤ የአካባቢው ሰው በዚህ ተቃርኖ አይታየውም።

እንግዲህ እያንዳንዱ የእንጨት መስቀል በየጥቂት አሥርተ ዓመታት መተካት አለበት። ትክክለኛው ሥርዓት የሚታየውም ያኔ ነው። አንዱ ከደኑ ግንድ ይሰጣል፤ የመንደሩ አናጢ ያዘጋጃል፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ሄሊኮፕተር ያነሳዋል፣ ድሮ ግን ተቆራርጦ በሰው ጀርባ ይወጣ ነበር፤ ካህኑ ይባርካል፤ በጫፉ ላይ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ የመንደሩ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ መሣሪያውን ተሸክሞ ከወጣ ይነፋል። በዚያ ቀን ከሚወጡት ውስጥ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ብዙ ነው። ሆኖም «የእኛ መስቀል» ይላሉ። የባለቤትነቱ ማስረጃ የመሬት ካርታ ወይም የእምነት መግለጫ አይደለም፤ ማን ተሸከመው፣ ማን ዳግመኛ ይሸከመዋል የሚለው ነው። የወጀብ መስቀሉም በዚህ አይለይም፤ እርሻው የተሸጠበትና ልጆቹ ወደ ከተማ የወረዱበት ቤት መስቀል ከአንድ ትውልድ በኋላ ዘንበል ብሎ ሣር ውስጥ ይገባል፤ ጠላት ሳይነካው።

የመጸው ክርክር

የሻፍሮይተር ጉዳይ ከተራ የንብረት ጉዳት ወደ ሌላ ነገር የተሸጋገረው መስቀሉ ከወረደ በኋላ በመጣው መጸው ነው። ቅርንጫፉ ስለ ምትኩ ገና እያሰበ ሳለ፣ ራሱን «የማንነት ንቅናቄ» ብሎ የሚጠራው የቀኝ አክራሪ ቡድን ሰዎች የራሳቸውን መስቀል ተሸክመው ወጥተው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ በጫፉ ላይ አቆሙ፤ ሥራቸውንም በኢንተርኔት አሰራጩት። ብዙም ሳይቆይ ያም መስቀል እንደ መጀመሪያው ጉዳት ደረሰበት።

ይህ ድርጊት ላይ ላዩን ሲታይ ከቆየው ልማድ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ግንድ ተሸክሞ መውጣት፣ በጫፍ ላይ ማቆም። ሲመረመር ግን ልማዱን ልማድ ያደረጉት ነገሮች ሁሉ ጎድለውታል። ከመንደሩ ጋር አልተመከረም፣ አጥቢያው አልባረከውም፣ መንገዱን የሚጠግነው ማኅበር አልጠየቀውም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲበሰብስ እኔ እተካዋለሁ ያለም አልነበረም። የወጀብ መስቀል ፊቱን የሚያዞረው ወደ በረዶ ነው፤ ማርተርል ወደ አላፊው መንገደኛ፤ የእረኛው መስቀል ወደ ከብቱ። ይህኛው ወደ ካሜራው ነበር። በግንዱ ላይ መጥረቢያ ያነሳውና በግንዱ ሌላውን ያስፈራራው ሰዎች በሐሳብ ተቃራኒ ቢሆኑም፣ ሁለቱም መስቀሉን ያዩት እንደ ባንዲራ ነው፤ አንዱ ሊያወርደው፣ ሌላው ሊሰቅለው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ነገሩን ከሃይማኖት ነፃነት ወገን ብቻ ወይም ከባህል ጥበቃ ወገን ብቻ የሚያይ ሰው ላይስማማበት እንደሚችል አውቃለሁ።

መጥረቢያው ምን ፈልጎ እንደሆነ በባቫሪያው ጉዳይ ባይታወቅም፣ በሌላ ቦታ ምክንያቱን በግልጥ የተናገረ ሰው ነበረ። በስዊዘርላንድ ፍሪቡር ካንቶን ከ2009 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ቫኒል ኖዋር በተባለው ተራራና በአንድ ጎረቤት ጫፍ ላይ የነበሩ መስቀሎችን የቆረጠው የተራራ መሪ ሲያዝ፣ ተራራ ከማንኛውም የሃይማኖት ምልክት ነፃ መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል፤ ጥፋተኛ ከመባል ግን አልዳነም። የሻፍሮይተሩ ክርክር በጦፈበት በሴፕቴምበር 2016 ደግሞ አንድ የስዊስ ሠዓሊ በአልፕሽታይን ተራሮች ፍራይሃይት በተባለው ጫፍ ላይ በሌሊት የሚበራ ትልቅ የጨረቃ ምልክት አቆመ። ሠዓሊው ሃይማኖት የለሽ ነው፤ መስቀሉ እንግዳ የማይመስለን ስለለመድነው ብቻ መሆኑን ለማሳየት ነበር ያደረገው። ከዘላቂ ክርክር ይልቅ የአንድ ሳምንት ወሬ ሆኖ አለፈ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ክብደት የነበረው የደቡብ ቲሮሉ ተራራ ወጪ ራይንሆልድ ሜስነር ቃል ነው። ሜስነር ጫፎች ለሃይማኖት ምልክት መዋል የለባቸውም የሚል አቋም አለው፤ ተራራ የሰው ሁሉ ነው ይላል። ያም ሆኖ የቆሙትን መቁረጥን አልደገፈም። የጀርመንና የኦስትሪያ የተራራ ማኅበራትም ከዚህ ብዙ የማይርቅ መንገድ ይዘዋል፤ የነበረው መስቀል ይጠበቃል፣ ባልነበረበት ጫፍ ላይ ግን አዲስ አይተከልም። በኢጣሊያ በጁን 2023 ይኸው ሐሳብ ከኢጣሊያ አልፕስ ማኅበር ሰዎች አንዱ አፍ ሲሰማ፣ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ተቆጥተው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ራሱን ከነገሩ እስከማራቅ ደረሰ። በባቫሪያም ክርክሩ ከጫፍ ወደ ቢሮ ወርዶ፣ በ2018 የክልሉ መንግሥት በመንግሥት ሕንፃዎች መግቢያ ሁሉ መስቀል እንዲሰቀል ሲወስን፣ የሙኒክ ካርዲናል ማርክስ ራሳቸው መስቀል የባህል ምልክት ብቻ ተደርጎ ከታየ ምንነቱ አልገባንም ማለት ነው በሚል መንፈስ ተቃወሙ። የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2023 ውሳኔውን ሳይሽረው ቀረ።

«የነበረው ይጠበቅ፣ አዲስ አይተከል» የሚለው ደንብ ቀላል ይመስላል፤ ሻፍሮይተር ላይ ሲደርስ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳል። እንጨት እየበሰበሰ የሚተካ ከሆነ፣ በመጥረቢያ የወረደውን የሚተካው መስቀል አሮጌ ነው ወይስ አዲስ? በድንጋይ ወይም በብረት የተሠራ ቢሆን ጥያቄው ባልተነሳ ነበር፤ የአክራሪው ቡድን መስቀልም በእንጨቱ ዓይነት ወይም በመጠኑ ከቀደመው ብዙ ስለተለየ አይደለም ሕገ ወጥ የተባለው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የአቋሚውና የጠባቂው አንድነት ነው፤ በዚያው ቦታ፣ መንገዱንና ማረፊያ ቤቱን በሚጠብቀው፣ ለሚመጣው ጥገናም ኃላፊነት በሚወስደው እጅ ሲቆም አዲሱ ግንድ የአሮጌው ተከታይ ይሆናል። በ2016 መጸው የቶልትስ ቅርንጫፍ፣ በጫፉ ላይ ሌላ ሰው ያቆመው መስቀል እያለም፣ ምትኩን የማቆሙ ኃላፊነት የራሱ እንደሆነ አድርጎ ያየው በዚህ ስሌት ይመስለኛል።